100 ግራም የደላንታ ኦፓል፦ ከጥሬ ድንጋይ እስከ ብር ጌጥ የተያዘ የሥራ ማስታወሻ

ማስታወሻው የሚከታተለው አንድ ጥቅል ድንጋይ ነው፤ 14 ቁራጭ፣ በድምሩ 100 ግራም፣ ከደቡብ ወሎ ደላንታ፣ ከወገል ጤና አካባቢ የወጣ ጥሬ ኦፓል፣ ሲገላበጥ ቀለም የሚያብለጨልጭ የከበረ ድንጋይ። በትርፍ ጊዜው ድንጋይ መወልወል የለመደ ሰው ሥራውን እንጀራ ላድርገው ሲል ምን እንደሚለወጥ በሚዛንና በካሊፐር (የስፋትና የውፍረት መለኪያ) ለመያዝ የተጻፈ ነው። ትልቁ ለውጥ ውልወላው ላይ አይደለም፤ ውልወላ በጥቂት ወራት እጅ ይለምደዋል። የሚከብደው ድንጋዩ መጋዝ ሳይነካው ለየትኛው ጌጥ በየትኛው ልክ እንደሚወጣ መወሰን፣ ከዚያ የጠፋውን እያንዳንዱን ግራም መመዝገብ ነው። ለደስታው የሚሠራ ሰው ድንጋዩ የፈቀደለትን ትልቁን ቅርጽ ያወጣል። አንጥረኛው ግን የሚጠይቀው 10 በ8 ሚሊ ሜትር ነው፣ ያውም ጥንድ።

ጥሬው ሲገባ

የወሎ ኦፓል በዓለም ገበያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2008 ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የኢትዮጵያ ኦፓል ሲባል ብዙ ጊዜ የሰሜን ሸዋው የመዘዞ ቡናማ ድንጋይ ማለት ነበር፤ እሱ ደግሞ ከወጣ በኋላ በመሰነጣጠቅ ስሙ ጠፍቷል። የደላንታው የሚወጣው በገደሉ ወገብ ከሚያልፍ ቀጭን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ንብርብር ነው። አብዛኛው ከመዘዞው ይሻላል፤ ግን ሌላ ጠባይ አለው፦ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ሲጠጣ እንደ መስታወት ጠርቶ ቀለሙ ይደበዝዛል ወይም ጨርሶ ይጠፋል፤ ሲደርቅ ይመለሳል። ከዚህ በታች ያለው ሥራ በሙሉ በዚህ ጠባይ ዙሪያ ይሽከረከራል።

ግዢው በደረቅ ብቻ። በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ተነክሮ የቀረበ ድንጋይ ስንጥቁን ይደብቃል፤ ሚዛን ላይ ሲወጣም የውሃው ዋጋ አብሮ ይከፈላል።

14ቱም ቁራጮች ጥላ ባለበት ክፍት መደርደሪያ ላይ ለሦስት ሳምንት ተቀመጡ። ፀሐይ የለም፣ አምፖል የለም። በየሳምንቱ በ10 እጥፍ ማጉያ ታዩ። ሁለቱ በዚህ ጊዜ ቀጫጭን ስንጥቅ አወጡ። የቀሩት አንድ ቀን ሙሉ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አድረው እንደገና ሲደርቁ ሦስተኛው ተሰነጠቀ። ሦስቱ አንድ ላይ 21 ግራም መዘኑና ወጡ። የተሰነጠቀውን በሙጫ ሞልቶ ማዳን ይቻላል የሚሉ አሉ፤ ይቻላል፣ ግን ያ የታከመ ድንጋይ ነው፣ እንደዚያ ተብሎ ካልተሸጠም ማጭበርበር ነው።

የቀረው፦ 11 ቁራጭ፣ ደረቅ 79 ግራም። ውሃ ጠግቦ ሲመዘን 85.3 ግራም፣ ማለትም 8 በመቶ ጭማሪ። ይህ ቁጥር ከጥቅል ጥቅል ይለያያል፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጥቅል ለብቻው ይለካል።

ምልክት ማድረግ

ይህ በደረቅ ካልተሠራ በኋላ አይገኝም። አንድ አምፖል ከራስ በላይ ይሰቀላል፣ ቁራጩ በጣት ቀስ ተደርጎ ይሽከረከራል፣ ቀለሙ ከየትኛው ፊት ሰፍቶና ደምቆ እንደሚታይ ይፈለጋል። በወሎ ኦፓል ውስጥ ቀለሙ አንዳንድ ጊዜ ጎን ለጎን በተሰለፉ ዘንጎች ይደረደራል። ከዘንጎቹ ጫፍ በኩል ሲታይ በመስመር የተከፋፈሉ ክፍልፋዮች ይወጣሉ፤ ከጎን ሲታይ ረጃጅም መስመሮች ይሆናሉ። ጉልላቱ (ተወልውሎ የሚታየው ክብ አናት) በጫፎቹ በኩል ከወጣ ዋጋው ይጨምራል፤ በጎን ከወጣ ያው ድንጋይ ተራ ይመስላል። የሚያሳዝነው ቁራጩ ብዙ ጊዜ የሚረዝመው በተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑ ነው። እዚህ ላይ ነው ጀማሪው ክብደት ለማትረፍ ብሎ ቀለም የሚያጠፋው።

ቀስቱ በእርሳስ ብቻ ይሠመራል። የማርከር ቀለም ይመጠጥና ውስጥ ይቀራል። በተጨማሪ እያንዳንዱ ቁራጭ ቁጥር ተሰጥቶት ከሁለት በኩል በስልክ ፎቶ ይነሳል፤ ድንጋዩ ውሃ ጠጥቶ መስታወት ሲሆን የሚመራው ፎቶው ነውና።

መሣሪያ

በአጭሩ፦ 6 ኢንች የአልማዝ ምላጭ ያለው ትንሽ መጋዝ፣ በአንድ ዘንግ ላይ ስድስት የአልማዝ ዲስክ የያዘ መሞረጃ ማሽን (220፣ 280፣ 600፣ 1200፣ 3000፣ 14000፤ ቁጥሩ ሲጨምር ዲስኩ ይለሰልሳል)፣ የሞላላ ልክ ያለው የፕላስቲክ ማስመሪያ፣ ካሊፐር፣ እስከ 0.001 ግራም የሚያነብ ሚዛን፣ ማጉያ። 80 ቁጥር ዲስክ ለአጌትና ለኢያስጲድ ነው፤ ኦፓል ላይ ሲነካ ከሥሩ ስብራት ይተዋል፣ ያ ስብራት ደግሞ 1200 ላይ ሲደረስ ነው የሚታየው።

ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ጠረጴዛ ላይ ስለሚገናኙ ሶኬቱ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ (ሌኬጅ) ራሱን የሚያጠፋ መቁረጫ ይኖረዋል። ደረቅ መሞረድ ፈጽሞ የለም፤ የሲሊካ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል። ማሽኑ ዙሪያ የደረቀውም ጭቃ በመጥረጊያ አይጠረግም፣ በእርጥብ ጨርቅ ይነሳል። መብራት መሃል ላይ ሲጠፋ ድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ አይተውም፣ ወደ ውሃ ይመለሳል።

መጋዝ

11ዱ ቁራጮች ውሃ ጠግበው ነው መጋዝ ላይ የወጡት። መንስኤው ግልጽ ነው፦ ግማሹ የረጠበ ግማሹ የደረቀ ድንጋይ በሁለቱ መካከል ይወጠራል፣ የምላጩ ንዝረት ሲጨመር በዚያ መስመር ይከፈታል። ወይ ሙሉ በሙሉ ደረቅ ወይ ሙሉ በሙሉ እርጥብ፤ መሃሉ አደገኛ ነው። መጋዙ ውሃ ስለሚረጭ ደግሞ የሚቻለው እርጥቡ ብቻ ነው።

የምላጩ ውፍረት 0.4 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሚበላው መስመር 0.5 ገደማ ነው። መጀመሪያ በዙሪያው የቀረው አፈርና እናት ድንጋይ ይነሳል፤ በውስጡ ያለ አሸዋ ወደ ዲስኩ ከገባ ከባድ ጭረት ያመጣልና። ከዚያ ስንጥቅ ካለ መጋዙ በስንጥቁ ላይ ይሄዳል። «ምናልባት ሲሞረድ ይጠፋል» የሚል ተስፋ አንድ ትልቅ ድንጋይ አበላሽቶ ሁለት ትናንሽ ያሳጣል። የመጨረሻዎቹ 2 ሚሊ ሜትሮች ላይ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ቁራጩም ከታች በጣት ይደገፋል፤ አለዚያ ራሱ ተሰብሮ ከጠርዙ ቅርፊት ይዞ ይሄዳል።

ለጥንድ የታሰበ ቁራጭ ከመሃል ይከፈላል፣ ሁለቱም የተቆረጡ ፊቶች ወደ ላይ ይሆናሉ። ሁለቱ ድንጋዮች የሚመሳሰሉት ያኔ ነው። ከተለያዩ ቁራጮች ጥንድ መፈለግ ከ100 ግራም ጥቅል ውስጥ በጣም ዕድል ይጠይቃል።

ከመጋዝ በኋላ ሁሉም እንደገና ደርቀው ሲመዘኑ 52 ግራም። 27 ግራም በአፈር፣ በስንጥቅ፣ በምላጭ መስመርና ለሥራ በማይሆን ስብርባሪ ወጣ።

ምስማር ላይ ማጣበቅ

ትንሽ ድንጋይ በጣት ተይዞ አይሞረድም። ጠፍጣፋ ራስ ያለው ምስማር ከጀርባው ይጣበቃል። የተለመደው የጋለ ሰም ለኦፓል አይመቸንም፤ ድንገተኛ ሙቀት ይሰነጥቀዋል። የተጠቀምነው ወፍራሙን፣ ጄል የሆነውን ሱፐር ግሉ ነው። ቀጭኑ ወደ ድንጋዩ ተመጦ ይገባና የማይለቅ ነጭ ቦታ ይተዋል። ጄሉም ጥቂት ስለሚገባ ጀርባው ከሚፈለገው ውፍረት 0.7 ሚሊ ሜትር ተርፎ ይቀራል፤ መጨረሻ ላይ ያ ንብርብር ተሞርዶ ይጣላል። ሲጣበቅ ድንጋዩ ፍጹም ደረቅ መሆን አለበት። በማግስቱ ከነምስማሩ ሁለት ሰዓት ውሃ ውስጥ ይቆይና ወደ ዲስክ ይሄዳል። ለቀናት መንከር ግን ሙጫውን ያላቅቃል።

መሞረድ

ጊዜው የሚሄደው እዚህ ነው፣ ጥራቱም የሚወሰነው 220 ላይ እንጂ 14000 ላይ አይደለም።

የ10 በ8 ድንጋይ ዙሪያው 220 ላይ 10.1 በ8.1 ሲደርስ ይቆማል። የቀረው 0.1 በቀጣዮቹ ዲስኮች ይሄዳል። 10.0 ላይ ያደረሰ ሰው መጨረሻ ላይ 9.9 ያገኛል፣ ያ ድንጋይ በተዘጋጀ ማቀፊያ (ድንጋዩን ዙሪያውን በሚይዘው የብር ጥምጥም) ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

ጉልላቱ በአንድ ጊዜ አይከበብም። መጀመሪያ ከጠርዙ ከፍ ብሎ በ45 ዲግሪ ዙሪያውን አንድ ተዳፋት ይቆረጣል፣ ቀጥሎ ከላይ ዝቅ ያለ ሁለተኛ ተዳፋት፣ ከዚያ በሁለቱ መካከል ያለው ማዕዘን ይነሳል። በዚህ መንገድ የተሠራ ድንጋይ በአራቱም በኩል እኩል ይሆናል። በዓይን ብቻ የተከበበው ጫፉ ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ብቻውን ሲታይ አይታወቅም፣ ከጥንዱ አጠገብ ሲቀመጥ ያሳፍራል።

ጠርዙ፦ ከታች ወደ ላይ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ከፍታው 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። ብሩ የሚይዘው በዚህ ዝንባሌ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ጠርዝ ብሩ ሲገፋበት ድንጋዩን ወደ ላይ ያመልጠዋል። ስለት የሆነ ጠርዝ ደግሞ ገና ሲገፋ ይሸረፋል። ብዙ የአማተር ድንጋይ ቀለሙ ጥሩ ሆኖ አንጥረኛ የሚመልሰው በዚህች 1 ሚሊ ሜትር ምክንያት ነው።

280 ላይ የ220ው ጭረት ሁሉ መጥፋት አለበት። ለማወቅ ድንጋዩ በጨርቅ ይደርቅና የአምፖሉ ነጸብራቅ መስመር በጉልላቱ ላይ ይሮጣል፤ መስመሩ የሚሰበርበት ቦታ ጠፍጣፋ ነው። ወደ 600 ሲታለፍ የመሞረጃው አቅጣጫ በ90 ዲግሪ ይዞራል፣ አዲሱ ጭረት አሮጌውን ስለሚያቋርጠው የቀረው ቶሎ ይለያል። 3000 ላይ አንድ ረጅም ጭረት ከታየ እዚያው መፋተግ ዋጋ የለውም፣ ወደ 600 ይመለሳል። በየዲስኩ መካከል ድንጋዩ፣ ምስማሩ፣ እጅና የጥፍር ሥር ይታጠባሉ፣ ውሃውም ይቀየራል። ቆሻሻ ውሃ ጭረት ብቻ ሳይሆን እድፍም ነው፤ ይህ ድንጋይ ያገኘውን ይጠጣል።

ሙቀት የሚፈተነው በከንፈር ነው። ድንጋዩ ለብ ካለ ግፊቱ በዝቷል፣ ወይም ውሃው አንሷል። በተለይ 3000ና 14000 ለስላሳ ስለሆኑ ሰው ይጫናቸዋል፤ ብዙ ኦፓል የሚሰነጠቀውም እዚያ ነው፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል።

መጨረሻውን በሴሪየም ኦክሳይድ የሚወለውሉ አሉ። ለሌላ ኦፓል ጥሩ ነው። ለሚጠጣው ግን ዱቄቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀራል፤ 14000 የአልማዝ ዲስክ በቂ ሆኖ ተገኝቷል።

ከምስማር ማላቀቅ፦ በተከደነ ብርጭቆ ውስጥ አሴቶን፣ ሌሊቱን፣ አየር በሚገባበት ክፍልና ከእሳት ርቆ። ከዚያ ጀርባው በመስታወት ላይ በተነጠፈ 600 የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ያ 0.7 ሚሊ ሜትር እስኪነሳ ይፈገፈጋል፣ ከዚያ እስከ 3000 ይለሰልሳል። የታችኛው ጠርዝ ዙሪያውን 0.4 ሚሊ ሜትር በ45 ዲግሪ ይሰበራል። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ አይሸረፍም፤ ማቀፊያው ውስጥ ጥግ ላይ በቀረ ብየዳ ላይም አይቀመጥም።

ማድረቅ

ድንጋዮቹ ትንሽ ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ላይ ተደረደሩ። ማፋጠን የለም።

በሁለተኛው ቀን አካባቢ ሁሉም ኖራ መስለው ነጡ። ይህን ያላወቀ ሰው ሥራው ተበላሸ ብሎ ይደናገጣል፣ አንዳንዱም ወደ ውሃ ይመልሰዋል። የሆነው ግን ጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ግማሹ ውሃ ግማሹ አየር መሆናቸው ነው፤ ብርሃኑ በዚያ ይበተናል። አየሩ ሲያሸንፍ ድንጋዩ ከጠርዙ ወደ መሃል እየጠራ ቀለሙ ይመለሳል።

ደርቋል የሚለው ዓይን አይደለም፣ ሚዛን ነው። አንዱ 10 በ8 እርጥቡ 0.326 ግራም ነበር፤ ወርዶ 0.300 ላይ ቆመ። በሦስት ተከታታይ ቀን ያው ቁጥር ከተነበበ ደርቋል። ካራት (0.2 ግራም) የሚጻፈው ያኔ ነው፦ 1.50። በእርጥቡ ተመዝኖ ቢሆን 1.63 ይል ነበር። ገዢው ቤቱ ገብቶ ሲመዝነው የሚያገኘው 1.50 ነው።

የተገኘው

31 ድንጋይ፣ 92 ካራት፣ ማለትም 18.4 ግራም። ከ100 ግራሙ 18 በመቶ ገደማ፣ መጋዝ ላይ ከወጣው 79 ግራም 23 በመቶ። ዝርዝሩ፦ 8 በ6 አሥር፣ 10 በ8 አሥራ አንድ፣ 12 በ10 ስድስት፣ በራሳቸው ቅርጽ የተተዉ ትላልቅ አራት። አራቱ ብቻቸውን 50 ካራት ያህል ይዘዋል፤ ቀለማቸው ለመቁረጥ ስላሳሳ ነው የተተዉት። ከ10 በ8ቱ ሦስት ጥንድ ወጣ።

ዋጋ ሲሰላ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። ጥሬው በግራም 300 ብር ቢገዛ ጥቅሉ 30,000 ብር ነው። በ100 ግራም፣ ማለትም በ500 ካራት ቢካፈል ካራቱ 60 ብር ይመጣል፤ ውሸት ነው። በ92 ሲካፈል 326 ብር ነው፣ ገና ጉልበት፣ መብራት፣ የዲስክ መበላት ሳይጨመር። ደግሞም ሁሉም ድንጋይ እኩል አይሸከምም። ደብዛዛዎቹ 8 በ6ቶች በ326 አይሸጡም፤ ልዩነቱ በጥንዶቹና በአራቱ ትላልቆች ላይ ይጫናል። ጥንድ ከሁለት ነጠላ በላይ የሚያወጣው ለዚህ ነው።

ብሩ

የተመረጠው አንድ 12 በ10፣ ከፍታው 5 ሚሊ ሜትር፣ ለአንገት ጌጥ። ኦፓል ጥንካሬው በሞስ መለኪያ ከ5.5 እስከ 6.5 ስለሆነ በየቀኑ ለሚደረግ ቀለበት አንመርጠውም።

ማቀፊያው ከንጹሕ ብር፣ 999፣ ውፍረቱ 0.3 ከፍታው 2.5 ሚሊ ሜትር። ርዝመቱ፦ 12ና 10 ተደምሮ ለሁለት፣ 11፤ የብሩ ውፍረት ሲጨመር 11.3፤ በ3.14 ሲባዛ 35.5 ሚሊ ሜትር። 36 ተቆርጦ በሞረድ ወደ ልኩ ይወርዳል። ወለሉ 0.7 ሚሊ ሜትር የ925 ብር (ከሺህ 925 እጁ ብር የሆነ፣ መዳብ የተቀላቀለበት) ነው።

የማቀፊያው መገጣጠሚያ ከፍተኛ ሙቀት በሚፈልገው ብየዳ፣ ከወለሉ ጋር በመካከለኛው፣ ማንጠልጠያው በዝቅተኛው ይበየዳል፤ አለዚያ ኋለኛው እሳት ፊተኛውን ይፈታዋል። ነበልባሉ ወደ ወለሉ ይዞራል እንጂ ወደ ቀጭኑ ማቀፊያ አይደለም፤ ማቀፊያው ከወለሉ ቀድሞ ከቀላ ይቀልጣል። ብሩ ሁሉ በቦራክስ (ብየዳው እንዲፈስ በሚረዳው ዱቄት) ካልተቀባ 925ቱ ውስጥ ያለው መዳብ ጠቁሮ በኋላ ረጅም ፍግፈጋ ይጠይቃል። ከዚያ ለብ ያለ የሲትሪክ አሲድ ውሃ፣ ቀጥሎ የቤኪንግ ሶዳ ውሃ፣ ከዚያ ማጠብና ማድረቅ። ድንጋዩ ከእነዚህ ከአንዱም አይነካካም።

ወለሉ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ተበስቷል። ድንጋዩ ከረጠበ የሚደርቅበት ነው፤ ከዚህ ቢሰፋ ደግሞ የቆዳ ላብና ቅባት ያገኘዋል። ብሩ ተወልውሎ፣ የመወልወያው ቅባት በሳሙና ታጥቦ፣ ደርቆ ካለቀ በኋላ ነው ድንጋዩ የሚገባው። ለልክ ሲሞከር ከሥሩ የጥርስ ክር ይዘረጋል፤ ከተያዘ ክሩ ጎትቶ ያወጣዋል።

ማቀፊያው የሚገፋው ዙሪያውን ተከትሎ አይደለም። ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከዚያ በመካከላቸው። ዙሪያውን የተከተለ መጨረሻ ላይ የተረፈ ብር ያጥፋል። ከተዘጋ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ብቻ ይጠረጋል፤ የመወልወያ ቅባት ወደ ጠርዙ ከገባ ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል። ኤሌክትሪክ የጌጥ ማጠቢያ ውስጥም አይገባም።

መዝገብና ወረቀት

እያንዳንዱ ድንጋይ በራሱ እጥፍ ወረቀት ውስጥ ሆኖ ቁጥር፣ ደረቅ ክብደት፣ ልክ፣ የወጣበት ቦታና «ያልታከመ» የሚል ይጻፍበታል። ገበያው ላይ ያለው ጥቁር የወሎ ኦፓል ብዙው በጭስ ወይም በሌላ መንገድ የጠቆረ፣ ደማቅ ሐምራዊውና ሰማያዊው ደግሞ ብዙ ጊዜ የተነከረ ነው፤ በማጉያ ቀለሙ በስንጥቅና በጉድጓድ ውስጥ ተከማችቶ ይታያል። የታከመ መሸጥ ወንጀል አይደለም፣ አለመናገሩ እንጂ። የከበሩ ድንጋዮችን መግዛት፣ ማስጌጥና ወደ ውጭ መላክ ከሚመለከተው የማዕድን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ከመጀመሪያው ትልቅ ግዢ በፊት ቢያዝ ይሻላል፤ ደረሰኝ የሌለው ጥሬ በኋላ በተወለወለበት ጊዜም ምንጩ አይታይም።

ከጌጡ ጋር የሚሄደው ካርድ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦

ሽቶ፣ ሎሽንና የፀጉር ቅባት ከተቀቡ በኋላ እስኪደርቅ ይጠብቁ፣ ከዚያ ያድርጉት። ዕቃ ሲያጥቡና ሲታጠቡ ያውልቁት። ውሃ ከገባው ቀለሙ ይጠፋል፣ ሊነጣም ይችላል፤ ጥላ ቦታ ጨርቅ ላይ ይተዉት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይመለሳል። ፀሐይ ላይ፣ ምድጃ አጠገብ ወይም ሩዝ ውስጥ አያድርጉት። ዘይት ነክቶት ቢጫ ከሆነ በሳሙና አይፈትጉት፤ ይመልሱልን፣ ከብሩ ወጥቶ ይጸዳል።